ድምፅ ወይስ ጉልበት? የጆን ሚዩር የቮልስ መጽሐፍ ከጭድ ተራ ሲመዘን

የጥገና መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ መጀመሪያ ወንበር ላይ፣ ቀጥሎ መኪና ሥር። ወንበር ላይ ጣፍጦ መኪና ሥር የሚከዳ መጽሐፍ ብዙ ነው። ጆን ሚዩር እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ሜክሲኮዋ ሳንታ ፌ ያሳተመው የቮልስዋገን መመሪያ ሁለቱንም ፈተና አልፏል ተብሎ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲወደስ ኖሯል። ርዕሱ በእኛ አባባል «ቮልስዋገንህን በሕይወት የማቆያ መንገድ፤ ምንም ለማያውቅ ሰው ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ» ዓይነት ነው። ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ደራሲው የመሐንዲስነት ኑሮውን ትቶ ወደ ጥገና የገባ ሰው ነበር፤ በ1977 አረፈ። የመጽሐፉ ግማሽ ነፍስ የሆኑትን ሥዕሎች የሣለው ፒተር አሽዋንደን ደግሞ በ2005 አርፏል።

ይህን አሮጌ መጽሐፍ ዛሬ ያስነሣሁት በአንድ የተወሰነ ሥራ ልመዝነው ፈልጌ ነው፤ ለቮልስ አዲስ ማርሚታ በልክ አሠርቶ ሞተሯን ከማርሚታው ጋር ማስማማት። ቦታውም የተወሰነ ነው፤ ጭድ ተራ፣ መርካቶ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እንዲህ ሲመዘን መጽሐፉ ከተለመደው ውዳሴ የተለየ መልክ ይዞ ይወጣል። ሚዩር መለካትን ያስተምራል፤ ዕቃው ግን ከሱቅ የሚገዛ ይመስለዋል። መርካቶ ዕቃውን ራሱ ይሠራል፤ የሠራበትን ልክ ግን አይጽፍም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር በሁለቱ ጉድለቶች መካከል ያለ ነው።

ቮልስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ መግቢያ አያስፈልጋትም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው ነው፤ ከአብዮቱ ሥዕሎች ሁሉ በሰው አእምሮ የቀረው አንዱ ይኸው ነው። የመጨረሻዋ አሮጌ ሞዴል ቮልስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ፣ ከመነሻው የተሠሩት ጠቅላላ ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ከባድ ወጪ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ያለችውን ከማቆየት ሌላ መንገዱ ጠባብ ነው፤ መጽሐፉም በርዕሱ ቃል የገባው ይህንኑ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት አከፋፈሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በእንግሊዝ መውጣት የጀመሩት የሄይንስ መመሪያዎች መኪናን በአካል ክፍሏ ይከፋፍሏታል፤ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኤሌክትሪክ። ሚዩር ግን የከፋፈላት በሕመሟ ነው። አልነሣ ስትል፣ ቀይ መብራት ሲበራ፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ፣ ስትንቀጠቀጥ፣ ስትጮህ፣ አልቆም ስትል። ለእያንዳንዱ ሕመም ምዕራፍ አለው። ይህ አከፋፈል ባለመኪናው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይወስደዋል። የሞተር አካል ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ቀይ መብራት መብራቱን ያውቃል። መጽሐፉም ወዲያው ቁም ይለዋል፤ ምክንያቱም ቀይ መብራት ከባትሪ ማጣት የከፋ ነገር ሊሆን ይችላል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም ያዞራል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ውኃ የሌላት ሞተር ያለ ነፋስ ትቀራለች። በዚህ አሠራር ሚዩርና የመርካቶ መካኒክ አንድ ናቸው። መካኒኩም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይላል?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ፍርሃትን ማራቁ ነው። ምንም አያውቅም የተባለው አንባቢ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሂደቱን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ፣ መሣሪያውንም በሦስት ደረጃ ቀስ በቀስ እንዲገዛ ይመከራል። መጀመሪያ መፍቻና ካቻቪቴ፤ ሞተር ማውረድ ኋላ ይመጣል። በአሽዋንደን ሥዕሎች ቮልስ ተበትና፣ እያንዳንዷ ብሎን በቦታዋ ትይዩ አየር ላይ ተንሳፋ ትታያለች። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ጓርኒሲዮኑ ከየትኛው ብረት በፊት እንደሚገባ ያውቃል። ጽሑፉ ቢጠፋ ሥዕሉ ብቻውን ግማሹን ሥራ ያሠራል፤ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር አንባቢ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

የማስተካከያው ክፍል መኪና ሥርም ይጸናል። ሚዩር በየ3,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ4,800 ኪሎ ሜትሩ፣ ቫልቭ ይስተካከል ይላል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። በአብዛኞቹ የቮልስ ሞተሮች የቫልቭ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ነጥቦች መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር፣ በካንዴላው ጫፍ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። የሚቃጠሉበት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ትንንሽ ናቸው፤ የሚያተርፉት ሞተር ግን ትልቅ ነው። ብዙ ባለቮልስ የሚፈራው ከኋላ የሚሰማውን የቫልቭ ቲክ ቲክ ነው። ሊፈራ የሚገባው ግን ዝምታውን ነው። የጭስ ቫልቭ በሙቀት ሲሳብና መቀመጫው ውስጥ ሲሰምጥ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ድምፁም ይጠፋል። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው አያስተላልፍም፣ በመጨረሻም ይቃጠላል ወይም ተበጥሶ ፒስተኑን ይበሳል። ቀድሞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የ3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ቆሞ ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይሻማልና። ጸጥ ያለች ሞተር ጤነኛ ናት የሚለው የባለመኪና እምነት እዚህ ላይ ይሰበራል።

ወደ ማርሚታው ስንመጣ ግን መጽሐፉና ቦታው መለያየት ይጀምራሉ። ለሚዩር ማርሚታ በዋናነት የሚዝግ፣ የሚበሳና በሌላ የሚተካ ዕቃ ነው። አሮጌው ይፈታል፣ አዲሱ ከነጓርኒሲዮኑ ይገባል፣ ይታሰራል። መርካቶ ውስጥ ግን አዲሱ ማርሚታ ገና ብረት ነው። ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው የሚስማማውን ሲያጣ፣ ቧንቧና ላሜራ ይዞ ብየዳ ቤት ይገባል። ከዚያም የታወቀው ጥያቄ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ድምፅ ነው የሚፈልጉት ወይስ ጉልበት?»

ጥያቄው ከመጽሐፉ ምዕራፎች የበለጠ ብልህ ነው፤ መልሱ ግን ብየዳ ቤቱ ውስጥ በቁጥር ተጽፎ አይገኝም። ጉልበት የሚፈልግ ሰው የሚያሠራው አራቱ ቧንቧዎች በአንድ አፍ የሚገናኙበትን ማርሚታ ነው። አሠራሩ ይህ ነው። አንዱ ሲሊንደር ጭሱን ሲተፋ የግፊት ማዕበል በቧንቧው ይሮጣል፤ መገናኛው ላይ ሲደርስ ከኋላው ባዶ ስበት ትቶ ያልፋል፤ ስበቱም ቀጥሎ የሚተፋውን ሲሊንደር ጭስ ይጎትታል። ጉተታው በጊዜው እንዲደርስ የአራቱ ቧንቧዎች ርዝመት እኩል መሆን አለበት። ቮልስ ላይ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። የ2ኛውና የ4ኛው ሲሊንደር የጭስ አፍ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ከማርሚታው ጋር በአጭሩ ይገናኛል፤ የ1ኛውና የ3ኛው ግን ወደ ፊት ይመለከታል፣ ጭሱም በማሞቂያ ሳጥኖቹ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። እኩል ለማድረግ አጭሮቹን ማጠማዘዝና ማርዘም ግድ ነው። ያንን ጥምዝምዝ አይቶ «ምን ያስጠማዝዘዋል፣ በቀጥታ ይምጣ» የሚል በያጅ የሚያምር ማርሚታ ይሠራል፤ ጉልበቱ ግን ከፋብሪካው አይሻልም። የቧንቧው ስፋትም እንዲሁ ነው። ለአነስተኛ የቮልስ ሞተር ከ35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ሰፋ ባለ ቁጥር ይተነፍሳል ብሎ የሚያሰፋ ሰው የጭሱን ፍጥነት ገድሎ፣ ሚኒሞ ላይና በዝቅተኛ ማርሽ ደካማ የሆነች መኪና ይቀበላል። የጭድ ተራ መኪና ደግሞ ቀኑን የሚውለው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከአይሱዙ ጀርባ፣ ከተሸካሚና ከጋሪ መካከል።

የሚበልጠው ስህተት ግን በሚጨመረው አይደለም፣ በሚወገደው ነው። ከማርሚታው ተነሥታ ከካርቡሬተሩ ሥር የምታልፍ አንዲት ቀጭን ቧንቧ አለች። ትኩስ ጭስ በውስጧ እያለፈ ቤንዚንና አየር የሚገቡበትን ማኒፎልድ ያሞቃል። በልክ የተሠራ ማርሚታ ላይ ይህቺ ቧንቧ «ትርፍ ናት» ተብላ ብዙ ጊዜ ትቀራለች። ቤንዚን ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ላይ በረዶ ይሠራል። ይህ እንዲሆን ብርዱ የግድ ከዜሮ በታች መውረድ የለበትም። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ፣ ብርዱ ከእርጥበቱ ጋር፣ ለዚህ በሽታ የተዘጋጀ አየር ነው። ጠዋት ተነሥታ ቁልቁል ስትወርድ የምትታነቅ፣ ከቆመች በኋላ ግን «ራሷ የምትድን» ቮልስ ካንዴላዋ ደጋግሞ ይቀየራል፤ የጎደለው ግን ያ ቀጭን ቧንቧ ነው። ማሞቂያ ሳጥኖቹም ሲነሡ እንዲሁ ሌላ ነገር አብሮ ይሄዳል። በክረምት የፊት መስታወቱን ጉም የሚጠርገው የእነሱ አየር ነው። ሳይነሡ ተበስተው ከቀሩ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ወደ መቀመጫው ያስገባሉ፤ ስለዚህ ብየዳ ቤት የገባ ሰው ከድምፁ በፊት እነዚያን ሳጥኖች ማስፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ ያለው የማስተካከያ ሥራ ከፍታን ይነካል። የሚገርመው ነገር ሳንታ ፌም ከፍ ያለች ከተማ መሆኗ ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ። መጽሐፉ የተወለደው ከእኛ ብዙ ባልራቀ አየር ውስጥ ነው። ሆኖም ከፍታ የመጽሐፉ ምሰሶ አይደለም፤ ምዕራፎቹ በሕመም እንጂ በቦታ አልተሠሩም። እዚህ ግን ከፍታ የሁሉ ነገር መነሻ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት የሰጣት ባለ 1,200 ሞተር አዲስ አበባ ላይ 27 ገደማ ይዛ ነው የምትሄደው። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በጄቱ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ቤንዚን የሚቀንሰው ከአየሩ ባነሰ መጠን ነው። በስሌት ሲታይ ድብልቁ አሥር በመቶ አልፎ ይበለጽጋል። ካንዴላው ሲፈታ የሚታየው ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይህንኑ ይናገራል። መድኃኒቱ ቁጥሯ ያነሰ ጄት ማስገባት ነው።

ክፍት ማርሚታ በዚህ ላይ ሲመጣ አንድ የሚያሳስት ነገር ይፈጠራል። ጭስ በቀላሉ ሲወጣ አየር በቀላሉ ይገባል፤ ድብልቁም ትንሽ ይቀጥናል። ሌላ ቦታ ይህ ጉዳት ነው፤ ቤንዚን መጨመር ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቀድሞ የበለጸገው ድብልቅ ወደ ልኩ ይጠጋል። ባለመኪናው ያገኘውን ለውጥ ሁሉ ለማርሚታው ይሰጣል፤ ምስጋናው ግን በከፊል የዓመታት የጄት ስህተት በመታረሙ የመጣ ነው። ጄቷን ቀድሞ ቢቀይር ኖሮ ለብየዳ ከመክፈሉ በፊት ያንን ለውጥ በትንሽ ናስ ያገኘው ነበር። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የሚወስነው። ቫልቭ ይስተካከል፣ ካንዴላው ይነበብ፣ ጄቱ ይታይ፤ ማርሚታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከማርሚታው በኋላ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይታያል። ሚዩር ይህን ተራ ለማርሚታ ብሎ አልጻፈውም፤ በማስተካከያ ምዕራፉ ያለው ዲሲፕሊን ግን በትክክል ይኸው ነው።

ከፍታ ሌላ ጥያቄም ያመጣል፤ ለየትኛው ከፍታ ነው የምናስተካክለው? ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከዚያ ብዙ ሳይርቅ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ መተሐራ ከ1,000 በታች። ለአዲስ አበባ አየር በጣም የቀጠነ ድብልቅ መተሐራ ላይ ሲደርስ ከልክ በላይ ይቀጥናል፤ ቆላው ይሞቃል፣ ጭሱ ይግላል፣ 3ኛው ሲሊንደር ተራውን ይጠብቃል። ካንዴላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል። ስለዚህ ቮልሱን ይዞ ቆላ የሚወርድ ሰው ጄቷን ከሚችለው ዝቅተኛ ቁጥር በትንሹ ከፍ አድርጎ መተው ይሻለዋል፤ ከተማ ውስጥ የሚያቃጥለው ጥቂት ቤንዚን የቫልቭ ዋጋ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በሚደባለቅባቸው ጊዜያትም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤታኖል ድብልቁን ያቀጥናል፣ አሮጌውን የቤንዚን ጎማ ቱቦም ያበላሻል።

የመጽሐፉን ድክመት ስንዘረዝር ፍትሐዊ መሆን አለብን። ሚዩር ስለ መርካቶ አልጻፈም፤ ማርሚታ በብየዳ ስለመሥራትም ቃል አልገባም። የሚወቀሰው ራሱ በገባው ቃል ነው። አንደኛ፣ አንባቢውን ከመካኒክ ያራርቀዋል፤ ብቻውን ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው የሚታየው። የእኛ ባለመኪና ግን ብቻውን አይደለም፤ በያጅ፣ የቶርኖ ባለሙያ፣ ኤሌክትሪሺያንና ጎሚስታ በየተራ የሚነኩትን ሥራ የሚያስተባብር ነው። እሱ የሚያስፈልገው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ባለሙያ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረው ነው፤ ያ የለም። ሁለተኛ፣ በጆሮና በእጅ ስሜት ላይ ያለው እምነት ከልኩ ያልፋል። ዕቃው ኦሪጅናል ሲሆን ጆሮ ይበቃል። ብየዳ የሠራውን ማርሚታ ግን ጆሮ ይክዳል፤ ጮክ ያለው ሁሉ ፈጣን ይመስላል። ጋዝ ሲለቀቅ የሚተኩስ ማርሚታ የሚያፈስ ጓርኒሲዮን አለው እንጂ ጉልበት የለውም። ሦስተኛ፣ ጭሱ ከቧንቧው ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ አያሳስበውም። መርካቶን በመሰለ የተጨናነቀ ሠፈር የበለጸገ ድብልቅ የሚተፋ መኪና የጎረቤት ሳምባ ጉዳይ ነው።

በተመሳሳይ ዘመን የወጣ ሌላ ታዋቂ መጽሐፍ አለ፤ የሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. የ1974 የሞተር ብስክሌት ጥገናና የዜን መጽሐፍ። ፒርሲግ ጥገናን ወደ ፍልስፍና አወጣት፤ ሚዩር ፍልስፍናን ወደ ብሎን አወረዳት። መኪናን ከጭነት አህያ ጋር እያመሳሰለ ተሸካሚህን በደግ ዓይን ተመልከት የሚል መንፈስ ነው መጽሐፉን የሚያሻግረው። ይህ የሂፒ ዘመን ቃና አንዳንድ ገጽ ላይ ያሰለቻል፤ ካርቡሬተር የሚፈታ ሰው ስለ መንፈሱ መስማት አይፈልግም። ቢሆንም የሚዩር መንገድ ይበልጣል ባይ ነኝ። ፒርሲግን ያነበበ ሰው ስለ ጥራት ያወራል፤ ሚዩርን ያነበበ ሰው ቫልቭ ያስተካክላል።

አሁን ወደ ጀመርኩት ክርክር ልመለስ። መርካቶን በመጽሐፉ ስንመዝነውስ? እዚህ ላይ እኛም አናልፍም። በየብየዳ ቤቱ በቧንቧ ማጠፍ የተካነ፣ ከኦሪጅናሉ የማይለይ ሥራ የሚሠራ እጅ አለ። ነገር ግን የተሳካው ማርሚታ የቧንቧ ርዝመት፣ የሠራበት ጄት ቁጥር፣ የካንዴላው መልክ የትም አይጻፍም። ቀጣዩ ቮልስ ሲመጣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ባለሙያው ሲያርፍ ወይም ሥራ ሲቀይር ልኩ አብሮት ይሄዳል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ እንደቀድሞው ስለማይገቡ፣ ካርቡሬተር የሚያውቁ ሰዎች ቁጥርም እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። የሚዩር መጽሐፍ ለእኛ ያለው ትልቁ ዋጋ ከምክሮቹ ይልቅ አርአያነቱ ነው፤ አንድ ሰው የሚያውቀውን ሥራ በሕመም ከፋፍሎ፣ በቁጥር አስደግፎ፣ በሥዕል አሳይቶ ለማያውቅ ሰው መጻፍ ይችላል።

ፍርዴን ላስቀምጥ። ቮልስ ያለው ሰው መጽሐፉን ያግኝ፤ እንግሊዝኛው ቢከብደው እንኳ ለሥዕሎቹ ሲል። የቫልቭ፣ የብልጭታና የመብራት ምዕራፎቹን እንደተጻፉ ይከተል። ስለ ማርሚታና ስለ ከፍታ ግን ከመጽሐፉ ብዙ አይጠብቅ፤ ይህን ክፍል መጻፍ ያለበት እዚሁ የሚሠራ ሰው ነው። ለመነሻ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ መኪና የሞተሯ መጠን፣ የአራቱ ቧንቧዎች ርዝመትና ስፋት፣ የማሞቂያዋ ቧንቧ መኖር አለመኖር፣ የጄቷ ቁጥር ከማርሚታው በፊትና በኋላ፣ የካንዴላው መልክ አዲስ አበባ ላይና ከቆላ መልስ ይጻፍበት። አንድ ብየዳ ቤት ይህን ለሃያ ቮልስ ቢያደርግ፣ ሚዩር ያልጻፈውን ምዕራፍ በአማርኛ ጽፎ ጨረሰ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ድምፅ ወይስ ጉልበት» ለሚለው ጥያቄ ደንበኛው የሚመርጠው በወሬ ሳይሆን በተለካ ነገር ይሆናል።